የጋሽ ሰይድ ቀኝ ጆሮ

ሞባይል ኪሳችን ከገባ ወዲህ ለሕመማችን ተጠርጣሪ አጥተን አናውቅም። እንቅልፍ እምቢ ሲል ስልኩ፣ ልጅ በትምህርቱ ሲደክም ስልኩ፣ የጎረቤት ትዳር ሲናጋ እንኳ ስልኩ። ራሳችንን ያመመን ቀንማ ማስረጃም አንጠይቅም። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ከዋናዎቹ ከሳሾች አንዱ ነበርኩ።

ሲኤምሲ አካባቢ የስልክ ካቨርና ቻርጀር የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ አነባለሁ፤ ያነበብኩትን ለሰው ካላስረዳሁ ደግሞ ምሳ አይወርድልኝም። ስለ ስልክ ጨረር የጠየቀኝ ሰው በቀላሉ አይለቀቅም። ጨረሩ እንደ ራጅ የሰውነትን ቅንጣት የመስበር ኃይል እንደሌለው፣ ጆሮ ላይ ሲለጠፍ ግን ጥቂት እንደሚያሞቅ፣ ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ ማማውን ለማግኘት ከወትሮው አብዝቶ እንደሚጮኽ፣ ጨረሩም እንደሚጨምር አንድ በአንድ እዘረዝርለታለሁ። አንጎልን ይጎዳል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን ያነበብኳቸው ሁሉ መጨረሻቸው «ገና አልተረጋገጠም» የሚል ነው። እሷን ሐረግ ቶሎ ብዬ ነበር የማልፋት። አታምርም።

ጋሽ ሰይድ የቤት ደላላ ናቸው። ቢሯቸው ከሱቄ በር አጠገብ ያለች አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ናት። ቀኝ ጆሯቸው ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነው፤ በአንዱ ስልክ ሻጩን «ቆይ፣ እንዳትዘጋው» ብለው፣ በሌላው ገዢውን «ወላሂ፣ ፀሐይ የሚገባበት ሳሎን ነው» ይሉታል። አንድ ቀን ሁለቱንም ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ በኩል ጭንቅላቴን ይወጋኛል። ጠዋት ጠዋት ይብስብኛል። ይሄ ስልክ ይሆን?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ይመስል ከራጁ ተነሥቼ እስከ ማማው ወሰድኳቸው። ከመደርደሪያዬም የጆሮ ማዳመጫ አውርጄ በስጦታ ሰጠኋቸው።

«ሐኪም ዘንድ ልሂድ ወይስ ይሄ ይበቃል?»

«መጀመሪያ ይሄን ይሞክሩት፣ ጋሼ።»

ይህቺን ንግግሬን አስምሩባት።

በሳምንቱ ስጠይቃቸው «አብሽር፣ ተሽሎኛል» አሉ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። እኔም ለየደንበኛው «ጋሽ ሰይድን ጠይቋቸው!» እያልኩ በምስክርነት እጠራቸው ጀመር፤ እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይመሰክሩልኛል። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። በስጦታ የመጣ መድኃኒት አልሠራልኝም ብሎ ሰጪውን ከማሳፈር፣ ሕመሙን ችሎ ዝም ይላል።

ባለፈው ማክሰኞ ወንበሯ ባዶዋን ዋለች። ጋሽ ሰይድ ለስግደት ሲታጠቡ ግራ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ወድቀዋል። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው አለ፤ ሳይታወቅ ብዙ የቆየ። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሷል።

ሆስፒታል ስደርስ ባለቤታቸው እትዬ ዘምዘም ከክፍሉ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

«ቤት ሲገባ ጭንቅላቱን በሻሽ ጥፍር አድርጎ ያስር ነበር» አሉኝ። «ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው፣ 'ልጁ ደክሞልኝ፣ አልሠራም ብዬ ላሳዝነው?' ይለኛል።»

የምገባበት ጠፋኝ። ለጋሽ ሰይድ ስለ ጨረር ከነገርኳቸው ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም፤ እስካሁን ድረስ ብትጠይቁኝ እደግመዋለሁ። ግን የግፊት መለኪያው ከሱቄ ማዶ፣ ፋርማሲው ውስጥ ነበር። አስፋልቱን መሻገር ብቻ ነበር የሚቀረን፤ እኔ እያስረዳሁ አስቀመጥኳቸው።

እትዬ ዘምዘም ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንተ ታነባለህ ይላል ሁልጊዜ። እስቲ ንገረኝ፣ ይድናል? እጁስ ይመለስለታል?»

ስለ አንጎል ያነበብኩት ሁሉ ወደ አፌ ተንጋጋ። የትኛው ክፍል የትኛውን እጅ እንደሚያዝዝ፣ የደከመው እንዴት በልምምድ እንደሚያገግም፣ ሁሉም ተራውን ይዞ ተሰለፈ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ በክፍተቱ የጋሽ ሰይድ ግራ እጅ አንሶላው ላይ ተዘርግቶ ይታየኛል። አይንቀሳቀስም።

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኩ።

እሳቸውም ሻርፓቸውን ሰብስበው ጠጋ አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«እንግዲያው ቁጭ በል» አሉኝ። «እኔም አላውቅም።»