የገንፎ ኮሚቴ

ያልራበው ሰው ለራበው ሜኑ ሲያወጣ ከማየት የበለጠ የሚያስቅ ነገር አለ? እኔ አላየሁም... ይቅርታ፣ አይቻለሁ፤ አብሬም አውጥቻለሁ!

አቃቂ በሰቃ ውስጥ፣ ከኮንጎ የመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች በሚያርፉበት ግቢ የማዕድ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። እንግዶቻችን በርበሬ የበዛበትን ወጣችንን ቀመስ አድርገው ይመልሱታል። ልጆቻቸው ደረቅ ዳቦ እየገመጡ ከሱ። ይኼኔ ሥራ አስኪያጃችን ከአንድ ወርክሾፕ "ለባህላቸው ተስማሚ ምግብ" የሚል ሐረግ ይዘው መጡ። ከዚያስ? ኮሚቴ ነዋ!

አምስት ሆነን ሦስት ቀን ሙሉ በሻይና በሳምቡሳ ተሰበሰብን። እንግዶቹ ከግድግዳው ማዶ ናቸው፤ ሲያስሉ ይሰማናል። "እንጠይቃቸው" ያለ ግን አንድም ሰው የለም።

"ሙዝ ነው የሚበሉት" አለች ጸሐፊዋ።

"ኧረ ነጭ ነገር ነው፤ ገንፎ የመሰለ!" አልኩ እኔ አዋቂው።

"በቃ፣ ገንፎ!" አሉ ሥራ አስኪያጁ። ተጨበጨበልኝ።

በማግሥቱ ገንፎው ቀረበ፤ መሃሉ ተጎድጉዶ፣ ቅቤና በርበሬ ኩሬ ሠርቶበት! ወጥ ሠሪያችን እትዬ አስካለ ትሪውን እንደያዙ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው፣

"ለመሆኑ ማን ወለደ?" አሉኝ።

እንግዶቹ ነጩን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ማማ ጆሴፊን የምትባለው እናት ቆርሳ፣ መሃሉ ላይ ያለው የአገሯ ቀይ ዘይት መስሏት አጥቅሳ ትንሿን ልጇን አጎረሰቻት። ልጅቷ ጩኸቷን አቀለጠችው! ውሃ ይዤ ስሮጥ ወንበር ጠለፈኝና ጆጉን ሥራ አስኪያጁ ላይ ደፋሁት።

ማማ ጆሴፊን ልጇን አባብላ ወደ እኔ ዞረች። ዓመት ስለተቀመጠች አማርኛ ትችላለች።

"ወንድሜ፣ እኛን ለምን አልጠየቅህም?"

"ኮሚቴው..."

"የሚበላው ኮሚቴው ነው?"

አንገቴን ደፍቼ የማዕድ ቤቱን ቁልፍ ሰጠኋት። የበቆሎ ዱቄት፣ ጎመን፣ ሽንኩርትና ዘይት፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም። ዱቄቱን ያለ በርበሬ ነጭ ገንፎ አድርጋ አገንፍታ ከጎመኑ ጋር አቀረበችው። ልጆቹ እየተሻሙ በሉ። ትንሿማ አስደገመች! እኔም ቀመስኩ፤ ጣፈጠኝ፤ አፈርኩም።

ሥራ አስኪያጁ ግን ሸሚዛቸው ሳይደርቅ ግምገማ ጠሩ። አጀንዳው "ስደተኞቹ በማን ፈቃድ ማዕድ ቤት ገቡ?" የሚል ነበር። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝና ውሳኔው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ከዛሬ ጀምሮ እንግዶቹ ምግባቸውን ራሳቸው ያበስላሉ፤ ኮሚቴውም ፈርሷል።"

አምስታችንም ፈረምንበት። አራቱ ሳያነቡት!