ዶሮ አይቶ ድስት ማሰብ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሀገራችን ሰው በሬ ሲያይ እርሻ ያስባል፤ በቅሎ ሲያይ አረማመዷን ይመረምራል፤ ውሻ እንኳ ሲያይ "ሌባ ይይዛል ወይ?" ይላል። ዶሮ ሲያይስ? ድስት! እናንተንም አልምራችሁም፤ ገና "ዶሮ" ከማለቴ ሽንኩርቱ የሸተታችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

እኔን ይኼ ነገር ያንገበግበኛል። ከመምህርነቴ በጡረታ ከተገለልኩ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ጓሮዬ ውስጥ ስድስት ሴት ዶሮና አንድ አውራ ይዤ ዘር ስመርጥ ነው የኖርኩት። ብዙ አላረባም፤ ብዙ የሚያረባ ሰው አይመርጥማ። ከተፈለፈሉት መሀል እግሩ ቀጥ ያለውን፣ ነጭና ጥቁር ላባው አምሮ የተደባለቀውን ገብስማ፣ በተለይ ደግሞ ሙቀታችንን የሚችለውን አስቀራለሁ። የሮቢት ሙቀት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ እኩለ ቀን ላይ እንኳን ዶሮ ሰውም አፉን ከፍቶ ነው የሚውለው። የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ አውራዬ ግራዝማች ነው። አናቱ ላይ ያለው ዘውድ ደም የመሰለ፣ ጅራቱ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ሲራመድ መሬቱን ያከራየው የሚመስል ጌታ! ምኞቴም አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው እሱን አይቶ "ከዚህ ዘር ስጠን" እንዲለኝ። ዘሩ ከጓሮዬ ወጥቶ በዙሪያችን ላለው ለቀወት ገጠር ካልተዳረሰ፣ እኔ ዓይኔን የከደንኩ ዕለት ልጆቼ ሁሉንም ለሰልስቴ ነው የሚያርዷቸው።

ስለዚህ ባዛር ተዘጋጅቶ "የምርጥ ዘር ዶሮ ውድድር" ሲባል ግራዝማችን አጥቤ፣ እግሩን ቅባት ቀብቼ፣ በቅርጫት አድርጌ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ የጠየቀኝን ገምቱ። "ጋሼ፣ የምን በዓል ነው?"

ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ የተማሩም ናቸው ተብሏል። ሰብሳቢው መጣና ግራዝማችን ሁለት እግሩን ይዞ ቁልቁል አንጠለጠለው። ግራዝማችን! ከዚያ ደረቱን ዳሰሰ፤ የጭኑን ላባ እፍ ብሎ ገለጠ፤ ልክ በፋሲካ ዋዜማ ገበያ እንደወጣ አባወራ። ዘውዱን አላየ፣ ላባውን አላየ፤ አረማመዱንማ ዘቅዝቆት ምኑን ያያል?

"አባት፣ ይሄ እኮ ጠንክሯል" አለኝ በሐዘኔታ። "ብዙ እንጨት ይፈጃል።"

"እንድታዩት እንጂ እንድትቀቅሉት አላመጣሁትም!" ብዬ ጮህኩ። ሁለተኛው ዳኛ ሊያጽናናኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ "መረቁ ግን ጥሩ ይወጣዋል" አለ።

መጨረሻ ወጣን። አንደኛ የወጣው የጎረቤቴ የእትዬ ዘሃራ ነጭ አውራ ነው፤ መጮህ እንኳ በቅጡ ያልለመደ፣ እሳቸው በእጃቸው እያጎረሱ ያሳደጉት ድንቡሽቡሽ። ምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ ተጨበጨበ። ወዲያው የመድረኩ መሪ ድምፅ ማጉያውን አንስቶ "አሸናፊው ዶሮ ለክብር እንግዳችን በስጦታ ይበረከታል!" አይል መሰላችሁ? ባለቤቲቱን ማንም አልጠየቀም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደግሞ እምቢ ማለት በእኛ አገር የለም፤ እትዬ ዘሃራ አንገታቸውን ደፍተው እሺ አሉ። ምርጥ ዘር የተባለው ዶሮ እግሩ ታስሮ የክብር እንግዳው መኪና ኋላ ተጫነ። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ማለት ይኼ ነው! ምርጡን ከበላነው ለዘር የሚቀረው የትኛው ነው? ወረቀቱ ነው ጫጩት የሚያስገኘው?

የእኔው ተሸናፊ ግን ቅርጫቱ ውስጥ ሆኖ እየጮኸ ቤቱ ገባ። ቢያሸንፍ ኖሮ ያን ጊዜ ሽንኩርት ይከተፍለት ነበር።

በሳምንቱ እትዬ ዘሃራ እንቁላል መጣል ያልጀመረች አንዲት ቄብ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ደጄ መጡ።

"ጋሽ ታደሰ፣ ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ እኮ!" አሉኝ። "ያን ልጅ የመሰለ ዶሮ ለካራ ሰጠሁት። ይቺ እህቱ ናት፤ ከእርስዎ አውራ ጋር ትሁንልኝና ዘር እናውጣ። ዶሮ የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት።"

ይህን ቃል ስንት ዓመት ስጠብቀው ኖርኩ! ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቄቧን በደስታ ተቀበልኩና... እጄን ምን እንደነካው እንጃ፣ እግሯን ይዤ ቁልቁል አንጠለጠልኳት። ደረቷን ዳሰስኩ። የጭኗንም ላባ እፍ አልኩ።

"ሥጋ ይዛለች" አልኩ።

እትዬ ዘሃራ ቄቧን ከእጄ መንጭቀው ብብታቸው ሥር መለሷት። "አላህ ይይልዎ፣ ጋሼ!" ብለው በመጡበት እግራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ዳኞቹን መሳደብ ተውኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልተውኩም። ብቻ ስሳደብ ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ነው።