ድምፅ ያጣው ማሲንቆ

[ሐይቅ ከተማ፣ ካሊድ የተከራያት አንዲት ክፍል። ካሊድ ከጅዳ ከተመለሰ ስምንት ወሩ ነው፤ በላፕቶፑ ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎች ታሪክ አጭር የካርቱን ፊልም ሠርቷል። አብሮ አደጉ ሽታው፣ የአርዲቦ ገበሬ፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ጠረጴዛው ላይ ካሊድ ትናንት ከደሴ የገዛው አዲስ ማሲንቆ ተጋድሟል።]

ሽታው፦ እኔ የምለው የፈረሱን ጭራ ነው።

ካሊድ፦ አሁንም ጭራው ላይ ነህ?

ሽታው፦ ሰውዬው ለማሲንቆው ብሎ ነጨው አላልክም? ፈረሱ ግን ይኸው ጭራው ሙሉ ነው።

ካሊድ፦ ካርቱን ነዋ!

ሽታው፦ የካርቱን ፈረስ ቶሎ ያበቅላል?

ካሊድ፦ ኧረ በአላህ! ፊልሙ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ እንጂ ስለ ከብት እርባታ አይደለም።

ሽታው፦ እሺ። ሰውዬውስ የማን ልጅ ነው?

ካሊድ፦ የማንም። እኔ ነኝ የሳልኩት። ድሮ ማሲንቆ ሲሠራ እንዴት እንደነበር ለማሳየት ነው።

ሽታው፦ ድሮ ስንት ዓመት?

ካሊድ፦ ብዙ።

ሽታው፦ ብዙ ስንት?

ካሊድ፦ በጣም ብዙ! [ሰዓቱን ያያል] አምስት ሰዓት ሊሆን ነው! ስምንት ሰዓት ላይ ውጫሌ አንድ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ይጠብቀኛል። ፊልሙ ላይ ዋሽንቱ ድምፅ አለው፣ ድቤው አለው፣ ማሲንቆው ብቻ ዱዳ ሆኖ ቀርቷል። በል ስልኩን ያዝና ቅረጸኝ።

[ማሲንቆውን አቅፎ ቀስቱን ወዲያ ወዲህ ይገዘግዛል። ትንፍሽ የለም።]

ሽታው፦ ጀመርክ?

ካሊድ፦ ጨረስኩ!

ሽታው፦ እጣን አለህ?

ካሊድ፦ ምን?

ሽታው፦ እጣን። ትንሽ ትበቃለች።

ካሊድ፦ አስተግፊሩላህ! ጅኒ ይዞታል ልትለኝ ነው?

ሽታው፦ ኧረ ጅኒ የሚል ከአፌ አልወጣም...

ካሊድ፦ አጢሰን ልንለማመነው? ስማ፣ ይሄ ሳይንስ ነው። ጭራው ከጭራው ጋር ሲፋተግ አየሩ ይንቀጠቀጣል።

ሽታው፦ አልተንቀጠቀጠማ።

ካሊድ፦ የደሴው ነጋዴ ሸውዶኝ ነው። ቆዳው የማይረባ ነው።

ሽታው፦ ቆዳውስ ደህና ነው። እጣኗን ብቻ...

ካሊድ፦ አሁንም እጣን! እኔ ስለ ማሲንቆ አርባ ቪዲዮ አይቻለሁ። አንተ ስንት አይተሃል?

ሽታው፦ ቪዲዮ? አንድም።

ካሊድ፦ በቃ!

[እንደገና ይገዘግዛል። ዝም። ማሲንቆውን ያስቀምጥና ራሱን ይይዛል።]

ካሊድ፦ ሐቂቃውን ልንገርህ? ፈርቻለሁ። የተማሪዎቹ መምህርት የሺሀረግ «ይሄ ከተወደደ የሌላውንም ትምህርት ትሠራለህ» ብለውኛል። ካልተወደደ ተመልሼ ጅዳ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሳጥብ ኖርኩ። እናቴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት «ቪዛህ መቼ ነው?» ትለኛለች። መሄድ አልፈልግም፣ ሽታው።

ሽታው፦ አብሽር፣ አይዞህ። [ተነስቶ ይወጣል።]

ካሊድ፦ ጥለኸኝ የት ነው? ሽታው!

[ሽታው እጁን ጨብጦ ይመለሳል።]

ሽታው፦ ከመስኡዳ ሱቅ ነው። ሁለት ፍሬ ሰጠችኝ።

ካሊድ፦ ክብሪት ከጫርክ ወላሂ እወጣለሁ!

ሽታው፦ ክብሪት ምን ያደርግልኛል?

[እጣኑን የቀስቱ ጭራ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ያሸዋል። ማሲንቆውን አቅፎ አንዴ ይስበዋል። ማሲንቆው ጩኸቱን ይለቀዋል።]

ካሊድ፦ [ከመቀመጫው ዘሎ] ያ ረቢ!

ሽታው፦ አዲስ ጭራ ይሟልጫል። እጣን ካልታሸ አይነክስም። አጎቴ ሠርግ ቤት ከመግባቱ በፊት ሁሌ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ እኔም ያስተማረኝ እሱ ነው።

ካሊድ፦ ማሲንቆ መምታት ትችላለህ? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ሽታው፦ አንተ የጠየቅከኝ ቪዲዮ ነው።

[ሽታው ይመታል፤ ካሊድ ዓይኑን እየጠራረገ ይቀርጻል። እንዳበቁ ስልኩ ይጮኻል።]

ካሊድ፦ አቤት መምህርት! አሁን አለቀ፣ ማሲንቆው እኮ... ምን? መቼ ጠፋ? እስከ ማታ አይመጣም? [ስልኩን ዘግቶ ወለሉ ላይ ቁጭ ይላል።] ውጫሌ መብራት ጠፍቷል። «ልጆቹን ግን ቃል ገብቼላቸዋለሁ፣ አልመልሳቸውም» ይሉኛል። አለቀልኝ! ያለ መብራት ፕሮጀክተሩ አይሠራ፣ ምን ፊልም አለ?

ሽታው፦ ያ የሳልከው ሰውዬ መብራት ነበረው?

ካሊድ፦ የድሮ ሰው መብራት ከየት ያመጣል!

ሽታው፦ ታዲያ ማሲንቆውን በምን አሰማ?

[ሽታው ማሲንቆውን አንግቶ በሩ ጋ ደርሷል።]

ሽታው፦ ተነስ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጠን። እኔ እመታለሁ፣ አንተ ታሪኩን ትነግራቸዋለህ።

ካሊድ፦ ሁሉንም?

ሽታው፦ ሁሉንም። ብቻ ሲያዛጉ ካየህ ዝም በል፣ እኔ እቀጥላለሁ።