ዣንጥላ ይዞ አበባ ማጠጣት

ዓይናቸው ካየው ይልቅ ወረቀት ያለውን የሚያምኑ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ለእኔ፣ ሞጣ ሳስተምር፣ እግዜር አንዱን ጎረቤት አድርጎ ሰጥቶኝ ነበር። አቶ ግርማ ይባላሉ፤ ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ናቸው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ሆዳቸውን ሲያማቸው አፍልተው የሚጠጡት አበባ አለ። ዘሩ ከፈረንጅ አገር መጣላቸውና አቶ ግርማ ደጃቸው ላይ ዘሩት። የዘሩ እሽግ ላይ በእንግሊዝኛ «በዊንተር ውኃ አጠጡ፤ ከብርድም በጭድ ሸፍኑ» ይላል። ዊንተር ደግሞ ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ሁላችንም የተማርነው እንዲሁ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ዶፍ ሰውዬው በአንድ እጃቸው ዣንጥላ፣ በሌላው ማጠጫ ይዘው ይወጣሉ።

«ሰማዩ እያጠጣው አይደለም እንዴ?» ይላሉ ወይዘሮ አስካለ ከበር ላይ።

«ሰማዩ መመሪያውን አላነበበም።»

ግማሹ አበባ ጭድ እንደለበሰ በሰበሰ። መስከረም ሲጠባ ጭዱን አነሱለት፤ ማጠጣቱንም ተዉ።

ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ወረደ።

«አቶ ግርማ፣ የተረፈውን ብርድ ሳይጨርሰው ጭዱን ቢመልሱለት» አልኳቸው።

«መምህር፣ አሁን እኮ በጋ ነው። ብርድ ከየት ይመጣል?» አሉኝ፣ ሁለተኛ ጋቢ እየደረቡ።