ሦስቱ ሙሴዎችና የተነሳው ጣሪያ

«ለሹመት የሚሻኮት ሰው ረሃብ አያስታርቀውም፤ ጣሪያውን ስታነሱበት ግን ይታረቃል።»

ይህን ያሉን የታሪክ መምህራችን ናቸው፤ ዘጠነኛ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ተማሪ አንቀላፍቶ። ብዙም ሳልቆይ ትምህርቴን አቋርጬ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ስለወጣሁ የአውሮፓ ታሪክ ለእኔ እዚያው ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ አውሮፓ ምን እንደደረሰባት አላውቅም። በሮማ ሊቃነ ጳጳሳት ጠብ ግን የሚችለኝ የለም።

ቅዱስ የተባለ ወንበርም ለካ ሲቀመጡበት እንደማንኛውም ወንበር ይሞቃል። በአንድ ዘመን አንዱ ጳጳስ ከእሱ በፊት የነበረውን ጳጳስ ሬሳ ከመቃብር አስወጥቶ፣ ልብሰ ጵጵስና አልብሶ፣ ወንበር ላይ አስቀምጦ ከሰሰው። ሟቹ ዝም አለ፤ ተፈረደበት። (ዝምታ ወርቅ ነው ለሚሉኝ ሁሉ ይህን እነግራለሁ።) በሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ጳጳሳት «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ሲባባሉ አስታራቂዎች ተሰብስበው ሁለቱንም ሽረው ሌላ ሾሙ። የተሻሩት አንወርድም አሉ። ሦስት ሆኑ! አንዴም መራጮቹ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ አልስማማ ቢሉ፣ የከተማው ሰው ቆለፈባቸው፣ ምግባቸውን ቀነሰ፤ አልሆን ሲል ጣሪያቸውን አነሳባቸው።

«ታዲያ አንቺን ምን አገባሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ብትኖሩ አትሉኝም ነበር።

አርካዊት የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር ነበረን። የማኅበር አለቃ ሙሴ እንደሚባል ታውቃላችሁ። ያኔ ካርቱም ገና ሰላም ነበረች፤ የምንጣላው እርስ በርሳችን ብቻ ነው። የእኛ ሙሴ ጋሽ በላይ ነበሩ፣ የድሮ የአምጃድ ታክሲ ሾፌር። ታዲያ ለዓመቱ ድግስ የታረደው በግ በሦስት እግሩ ድስት ገባ። አራተኛውስ? አል-ማንሺያ ሰፈር ዘበኛ የሆኑት ጋሽ መኮንን «እሱን ሙሴን ጠይቁት» ብለው ግማሹን ሰው ይዘው ተለዩና እሳቸውም ሙሴ ሆኑ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ገቡና ካርቱም ሁለት ሱቅ ያላቸውን ጋሽ ፈለቀን ሾሙ። መምህሬ ትዝ አሉኝ። ሦስት! ሦስቱም የማኅበሩ ድንኳንና ድስት ባለበት መጋዘን በር ላይ የየራሳቸውን ጓጉንቸር አንጠለጠሉ። በሩ ያለ ሦስቱም ቁልፍ አይከፈትም። የአንዱ ሰው የሌላውን ደጅ አይረግጥም።

በዚህ መሀል የልጄ ክርስትና ደረሰ። አገር ቤት ቢሆን እናቴ አለች፣ አክስቶቼ አሉ። እዚህ ዘመዴ ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ካልመጣ ልጄን ከካህኑና ከአባቷ በቀር «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሳይኖር ላስጠምቃት ነው። ይህ አንገበገበኝ።

ሦስቱም ዘንድ ለየብቻ ሄጄ «ዓርብ ምሳ ይምጡና የልጄን ስም እርስዎ ያውጡልኝ» አልኳቸው። ዓርብ ቀትር ላይ ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው ደጄ ላይ ተገናኙ። መመለስ አፈሩ። ባለቤቴ ሥራ አለኝ ብሎ አምልጧል። ያለችን አንዲት ክፍል፣ በውሃ የምትሠራ አንዲት የአየር ማቀዝቀዣ፣ ሙከይፍ ናት። ሲገቡ ትነፍሳለች።

ልጄን አቅፌ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጥኩና የሙከይፏን ሶኬት ነቀልኩት።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አሉ ጋሽ በላይ።

«ምን ይደረግ፣ ጋሼ» አልኩ።

«የጎረቤት ሙከይፍ ይጮኻል እኮ!»

«እነሱማ ጀነሬተር አላቸው።»

የካርቱምን ሙቀት ለማያውቅ መንገር አይቻልም፤ ለሚያውቅም አያስፈልግም። ምሳውንም አላቀረብኩ።

«ሙሴ ባሕር ነው የከፈለው፤ አንተ የከፈልከው ማኅበሩን ነው!» አሉ ጋሽ በላይ።

«ሙሴ የበግ እግር አልደበቀም» አሉ ጋሽ መኮንን፣ በነጠላቸው አንገታቸውን እየጠረጉ።

«እኔ ስሾም አንተ ገና መተማን አልተሻገርክም!»

«የበጉ እግር ግን ተሻግሯል!»

ጋሽ ፈለቀ የሸሚዛቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ እየፈቱ፣ «ወንድሞቼ፣ ልንሞት ነው» አሉ። ይህ በሦስቱ መካከል የመጀመሪያው ስምምነት ነበር። ሌላው ተከትሎ መጣ፦ የሙሴነቱ ነገር ለመስከረም ይደር፣ መጋዘኑ ይከፈት፣ ሁሉም በክርስትናው ይገኝ። ያላህ፣ እንውጣ!

«ቁልፎቹንስ ማን ይያዝ?» አሉ ጋሽ መኮንን። አንዱ ሌላውን አያምን። እኔም «ባሏ የማን ወገን ነው?» ተባልኩ። በመጨረሻ ጋሽ ፈለቀ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ልጄን አዩዋት።

«እቺ ትያዝ። ጥርስ የላት፣ የበግ እግር አትበላ።»

ሦስት ቁልፍ መታቀፊያዋ ላይ ተቀመጠ። ምን ይገርማል፤ ሙሴም ሲጀመር በቅርጫት የተገኘ ሕፃን ነበር። ሮማ ያልታየ ጥበብ አርካዊት ታየ። ስም ማውጣቱን ግን ሦስቱም ረሱት።

እሑድ ድንኳኑ ተተከለ፤ ሰዉም ጢም ብሎ መጣ፤ ሦስቱ ሙሴዎች ሦስት ማዕዘን ይዘው ተቀመጡ። የበጉ እግር እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ያን ዓርብ ግን፣ በያዙት አምጃድ ውስጥ ከፊት ማን ይቀመጥ እያሉ ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው እስኪርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ የልጄን ግንባር ጠረግኩና ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት።