ጓድ ታምራት ልጅ የዳሩበት እሑድ

በዚያ ዘመን ፈቃደኛ መሆን ከባድ ሥራ ነበር። ዛሬ ፈቃደኛ ሲባል እጁን አውጥቶ «እኔ አለሁ» የሚል ሰው ይታያችሁ ይሆናል። የኛ ዘመን ፈቃደኛ ግን ፈቃደኛ መሆኑን ከሌላ ሰው ነበር የሚሰማው። ጠዋት ሥራ ስትገቡ «ትናንት በፈቃዳችሁ የወሰናችሁት ከዛሬ ጀምሮ ይሠራበታል» ትባላላችሁ። መቼ እንደወሰናችሁ ለማስታወስ ትሞክራላችሁ። አይመጣላችሁም። ቢሆንም ታጨበጭባላችሁ፤ ማጨብጨብ በነጻ ነው፣ የሚያስከፍለው አለማጨብጨብ ነው።

እኔ ያኔ ጅማ፣ ከከተማዋ መርካቶ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ እሠራ ነበር። ከሸቤም ከሰኮሩም ኤንትሬ በሚሉት የጭነት መኪና ተጭኖ የሚመጣውን ቡና እኔ እመዝናለሁ፤ ሴቶቹ ደግሞ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰባበረውን ፍሬ ይለቅማሉ። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ታምራት ከአዲስ አበባ የተላኩ ሰው ናቸው። ክፉ አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርላቸው። ሕመማቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ሌላ መሥሪያ ቤት በሥራ ውድድር በተሸለመ ቁጥር እንቅልፍ ያጣሉ።

አንድ ዓመት ቡናው ከመጠን በላይ በዛ። ጓድ ታምራት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰበሰቡንና፣ ሠራተኛው ባሳየው ከፍተኛ ተነሳሽነት ከእንግዲህ ማታ ማታ ተጨማሪ እንደምንሠራ፣ እሑድም እንደማይቀር አበሠሩን። «በፈቃደኝነት ነው» አሉ። በዚያው ትንፋሽ ደግሞ «እሑድ የቀረ ሰው ሰኞ አይምጣ» አሉ።

አጨበጨብን።

ጭብጨባው ሲበርድ ከለቃሚዎቹ መሐል አዴ ዘይነባ ተነሱ። «አዴ» በአገሩ ኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከልጃቸው ከፎዚያ ጋር ጎን ለጎን የሚለቅሙ ሴት ናቸው። የፎዚያ ኒካ ገና ትናንት መታሰሩ ነው፤ ሠርገኛው ከሸቤ መጥቶ የሚወስዳት በዚያው እሑድ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው በግቢው አልነበረም። ጓድ ታምራት ራሳቸው ተጠርተዋል።

«ጓድ፣ አማርኛዬ አጭር ነው፤ አይቀየሙኝ» አሉ አዴ ዘይነባ። «ይቺ ፈቃደኝነት የሚሏት በኦሮምኛ ምን ትባላለች?»

ጓድ ታምራት ወደ እኔ ዞሩ። አስተርጓሚነት ከሚዛኑ ጋር የተመረቀልኝ ሥራ ነበር። «ፌዺ ነው» አልኩ።

«ፌዺ?» የአዴ ዘይነባ ፊት በራ። «አልሐምዱሊላህ! አስቀድመው እንዲህ ቢሉን ምን ነበረበት? ፌዺ ማለትማ የወደደ የሚመጣበት፣ ያልወደደ የሚቀርበት ነው። በሉ እኔና ልጄ እንቀራለን።»

ማንም አልሳቀም። ሁላችንንም ግን ድንገት ሳል ያዘን።

«ጓዲት ዘይነባ» አሉ ጓድ ታምራት ፊታቸው ቀልቶ፣ «የአብዮቱ ፈቃደኝነትና የግል ፈቃደኝነት ይለያያል።» ከዚያ ወደ ሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ወደ ጓድ ለማ ዞረው «አይደለም እንዴ?» አሏቸው።

ጓድ ለማ የሠራተኛውን ሕግ ከዳር እስከ ዳር ያነበቡ ሰው ናቸው። ያነበቡትን ለማንም ተናግረው አያውቁም እንጂ። «ሕጉማ...» አሉ፣ «ሠራተኛው ሳይስማማ... በእርግጥ እንደ ሁኔታው... ትርፍ ሰዓት ማለት...» ከዚያ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ጥሩ ጫማ ነበር።

ሳላችንም እዚያ ላይ ቆመ። በዚያን ጊዜ «ሥራ አደናቃፊ» የሚል ስም የተለጠፈበት ሰው ከሥራ ብቻ ቢባረር እንደ ዕድለኛ ይቆጠር ነበር። ፎዚያ የእናቷን ቀሚስ ጎትታ አስቀመጠቻቸው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ሠርገኛ መጥቶ ሙሽራዋን ካጣ፣ ሐሜቱ እሷን ተከትሎ እንደሚያረጅ ታውቃለች።

ስንወጣ በሩ ላይ አገኘኋቸው። «ምን አሰቡ አዴ?» አልኩ።

«ምን አስባለሁ ልጄ? ኑ ከተባልን እንመጣለን» ብለውኝ ሄዱ። ፈገግታቸው አላማረኝም።

እሑድ ጠዋት ለቃሚዎቹ አንዲት ሳትቀር መጡ። የመጡት ግን የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ ተኳኩለው፣ ሽቶ ተርከፍክፈው ነው። በመሐላቸው ፎዚያ እጇ በሂና አጊጦ፣ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች የዘወትር ቦታዋ ላይ ተቀመጠችና መልቀም ጀመረች። በሂና በተዋበ ጣት ቡና ሲለቀም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቡናው ራሱ የሚያፍር ይመስላል።

ጓድ ታምራት ገቡ፤ አዩ፤ ወጡ፤ እንደገና ገቡ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ፈቃደኞች ነን ጓድ» አሉ አዴ ዘይነባ፣ እጃቸው ከለቀማው ሳይቦዝን።

ረፋዱ ላይ የኤንትሬ ጥሩምባ ከውጭ ሲያምባርቅ ዘበኛው ቡና የመጣ መስሎት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። የመጣው ሠርገኛ ነው፤ አዴ ዘይነባ ወደ መጋዘኑ እንዲመጣ ቀድመው ልከውበት ኖሯል። ድቤው፣ እልልታው፣ መኪናው ላይ ቆሞ የሚዘለው ሰው፣ ጭብጨባው! ያ ጭብጨባ እኛ ከምናውቀው ጋር አንድ ስም መጋራቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ለቃሚዎቹ ብድግ ብለው በእልልታ ተቀበሉ። ቁጭ እንዳለች የቀረችው ፎዚያ ብቻ ነበረች።

የሙሽራው አጎት፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ፣ ከመኪናው ወርደው «አሰላሙ አለይኩም፤ ልጃችንን ልንወስድ መጥተናል» አሉ አዴ ዘይነባን።

«ቤቴ ብሆን እኔ እሰጣችሁ ነበር» አሉ አዴ ዘይነባ። «ዛሬ ግን በእኔም በልጄም የሚያዙት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ጠይቁ።»

ሽማግሌው ወደ ጓድ ታምራት ዞረው እጅ ነሱ። «እንግዲያው አባቷ እርስዎ ነዎት። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አሉ። ተረጎምኩላቸው። ጓድ ታምራት ስልኩ ወዳለበት ወደ ቢሯቸው አማተሩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ የበላይ አካል መመሪያ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ የወረደ መመሪያ አልነበረም።

ያኔ ነው ጓድ ለማ ከጠረጴዛዎቹ ጀርባ የጮኹት። ድቤው ልብ ሰጥቷቸው ይሆናል። «በሕጉ መሠረት ሠራተኛ ሳይስማማ በዕረፍት ቀኑ አይገደድም! ለገዛ ሠርጉማ ጭራሽ!» ካሉ በኋላ ማን እንደተናገረ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

ጓድ ታምራት ፎዚያን አዩዋት። እሷም ቀና ብላ አየቻቸው፤ ጣቶቿ ገና ቡናው ላይ ነበሩ። ምን እንዳዩ አላውቅም፤ ብቻ ድምፃቸው ተለወጠ። «ተነሺ ልጄ» አሉ። ጓዲት አላሉም።

አባት ከሆኑ ደግሞ መሸኘት አለባቸዋ! ሽማግሌዎቹ ክንዳቸውን ይዘው ከሾፌሩ አጠገብ አስቀመጧቸው፤ እኛም ከኋላ ተጫንን፤ መጋዘኑ ተዘጋ። ሸቤ ላይ ጓድ ታምራት ኮታቸውን አውልቀው ሲጨፍሩ ያየሁት ብቻዬን ብሆን ኖሮ አላወራላችሁም ነበር። ማን ያምነኛል?

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ለቃሚ መጥታ እሑድ ሠርጓ መሆኑን ነገረቻቸው፤ እንዲድሯትም ለመነቻቸው። ከዚያ ሌላዋ። በግቢው ያልታጨች ጠፋች። በመጨረሻ የልጅ ልጅ ያዩ አንዲት ሴትዮ «እኔም ላገባ ነው ጓድ» ሲሏቸው ጓድ ታምራት ሰበሰቡንና፣ ቡናው ተለቅሞ ስላለቀ ከእንግዲህ የማታም የእሑድም ሥራ እንደማይኖር ነገሩን።

ያልተለቀመው ቡና ከነጆንያው ከጀርባቸው እስከ ጣሪያው ተቆልሎ ነበር። እሳቸውም ዞር ብለው አላዩትም፤ እኛም ቀና ብለን አላየንም።