በሠላሳ የተነዳ ሽምግልና

የመንገድ ምልክት የሚያከብር ሾፌር ሚስት አያጣም። አትሳቁ... እኔ ዘሀራን ያገኘሁት በዚሁ ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። መርሳ ሳይገባ ከአስፋልቱ ዳር ለሚኖሩት ለአቶ ሰይድ፣ ልጃቸውን የሚጠይቅልኝ ሽማግሌ ልልክ ስሰናዳ፣ ለካስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌርም የራሱን አዘጋጅቷል። አቶ ሰይድ ማንንም ላለማስቀየም፣ «ቅዳሜ ቀድሞ የደረሰውን እሰማለሁ፤ ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙህር በኋላ ግን ማንንም አልሰማም» አሉ። ይኸውላችሁ፣ ትዳሬ ጎማ ላይ ተንጠለጠለ።

ላንድሮቨሩን ከጓደኛ በልመና፣ ቤንዚኑን በኩፖን አግኝቼ፣ ሽማግሌዎቼን ጭኜ ከወልድያ ወጣሁ። መሪያቸው አጎቴ አያ ይመር ናቸው። በዚያው ሰሞን ቀበሌ የትራፊክ ትምህርት ተሰጥቷቸው፣ የመስጊድ ደረሳ ኪታብ እንደሚቀራ ምልክቱን ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። ሲሪንቃን አለፍ ስንል ኩርባው አፍ ላይ 30 የሚል ክብ ቆሟል።

«አንተ፣ ሠላሳ ነው የሚለው።»

«አያ፣ ሰው እየቀደመን ነው።»

«ይቅደም። ሠላሳው በጥቁር ተሰርዞ ስታይ ያኔ እንደ ልብህ ንዳ። እስከዚያ ሠላሳ።»

ይህን ሲሉ ያ ሾፌር ሽማግሌዎቹን ጋቢና ደርድሮ፣ ጥሩንባውን እየነፋ አቧራ አልብሶን አለፈ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል... እኛን ግን እንቁላሉም ቀድሞን ሄዷል።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ መኪናው ቦይ ውስጥ አጎንብሶ አገኘነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ሽማግሌዎቹ ጥምጥማቸውን ከሣር ላይ ይለቅማሉ፤ የተጎዳ ግን የለም፣ አልሐምዱሊላህ።

«አቁም» አሉ አያ ይመር።

«አያ፣ ተቀናቃኞቻችን እኮ ናቸው!»

«ሽማግሌ ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሽማግሌ ምን ይባላል? ጫናቸው።»

ሾፌሩ ከመኪናው ጋር ቀረ፤ ሽማግሌዎቹን ጫንኳቸው። ኩርባው አለቀ፣ ሜዳው መጣ፣ የተሰረዘው ሠላሳ ግን የለም። ልፈጥን ስል ከኋላ የጠላቴ ሽማግሌዎች፣ «ተው ልጄ፣ ሠላሳም በዛ፤ ሃያ ቢሆንስ?» ይሉኛል። አንድ አህያ ጎን ለጎን ሄዳ፣ ታዝባን፣ ቀደመችን።

ስንደርስ አቶ ሰይድ ሰግደው ወጥተዋል።

«ዙህር አልፏል። ቃሌ ቃል ነው።»

እኔ ወደ መኪናው ዞርኩ። አያ ይመር ግን ዓይናቸው ግቢው ጥግ ካለው የዶሮ ቤት ላይ ተተክሏል። በሩ ክብ ቆርቆሮ ነው። ላዩ ላይ 30 ተጽፎ በጥቁር ተሰርዟል።

«ሰይድ፣ ከሲሪንቃ ጀምሮ ስንጠብቀው የዋልነው ይኸው። አንተ ዘንድ ዶሮ ይጠብቃል።»

«ነፋስ ጥሎት አግኝቼው ነው እንጂ...» አሉ አቶ ሰይድ ላብ እያጠመቃቸው። የመንግሥት ንብረት የሚባል ነገር በዚያ ዘመን እንኳን ሰውን ዶሮውንም ያስበረግግ ነበር።

ያኔ ከሾፌሩ ሽማግሌዎች አንዱ ተነሡ። «የመጣነው ለዚያኛው ነበር። ግን ሰይድ፣ ልጅህን በሰላም የሚያደርስ ከፈለግህ... እኛን ያደረሰን ይሄ ነው።»

ዘሀራ ተሰጠችኝ። አማቴ ምልክቱን በማግስቱ ቦታው መልሰው ተከሉ፤ ለዶሮ ቤቱ አዲስ በር ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጥሎሽ መሆኑ ነው። አገር ምድሩ ከዚያ ወዲህ ሜዳው ላይ እንደ ልቡ ይነዳል። ዘሀራ እኔ ላይ የተከለችው ሠላሳ ግን ይኸው እስካሁን አልተሰረዘም... በየዶሮ ቤቱ እየፈለግሁ ነው።